ከስፌቱ በኋላ ያሉት ሳምንታት፦ ስለ እጅ ኦፕራሲዮን ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ዓምዳችንን ለእጅ ሰጥተነዋል። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሰባቱን መርጠን፣ አሳጥረን አቅርበናል። መልሶቻችን ሐኪማችሁን አይተኩም፤ ወረፋው በዝቶበት ሳይነግራችሁ የቀረውን ግን ይሞላሉ። እሱ ያዘዛችሁ እዚህ ከተጻፈው ከተለየ የእሱ ይቅደም። ቁስሉን ከፍቶ ያየው እሱ ነው።

ይበጠሳል ወይስ ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤት ነው የምሠራው፤ 34 ዓመቴ ነው። ቢላው አጥንት መትቶ ቀጥ ሲል እጄ ከእጀታው ወደ ስለቱ ተንሸራተተና የቀኝ እጄን የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት በውስጥ በኩል ቆረጠኝ። በማግስቱ ጅማት ተሰፋልኝ፤ አሁን ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከክንዴ ጀምሮ በአይበሉባዬ በኩል እስከ ጣቶቼ ጫፍ የሚደርስ ስፕሊንት ታስሮልኛል። ሐኪሙ «አንቀሳቅስ» ይለኛል። ቤት ያሉት ደግሞ «ንክች እንዳታደርገው፣ ይበጠሳል» ይላሉ። ፈርቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ አሁን ጣቶቼ ግትር ብለዋል። ቢላ የምይዘው መቼ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሐኪምዎም ቤተሰብዎም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ እንቅስቃሴ ነው።

ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ሁለት ማጠፊያ ጅማት አለው። አንዱ የጣቱን መካከለኛ መገጣጠሚያ ያጥፋል። ከሥሩ የሚሄደው ሁለተኛው እስከ ጫፍ ዘልቆ የጣቱን ጫፍ ያጥፋል። ሁለቱም ከጣቶች ሥር ካለው የመዳፍ መስመር እስከ ጣቱ መካከል ድረስ በአንድ ጠባብ ቦይ ውስጥ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። እንደ አገላለጽዎ የተቆረጡት እዚያው ቦይ ውስጥ ነው። ድሮ እዚህ ቦታ ላይ ጅማት ወዲያው እንዲሰፋ የሚመክር ሐኪም እምብዛም አልነበረም፤ የተሰፋው ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀር ነበርና። ዛሬ የሚሰፋው ስፌቱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ቀናት ጀምሮ በልክ ስለሚንቀሳቀስም ነው።

አንድ ነገር በመንገዳችን እንንገርዎ። ሲቆረጡ ቢላ ጨብጠው ስለነበር ጅማቱ የተቆረጠው ከቆዳው ቁስል ትንሽ ወደ ጣቱ ጫፍ አልፎ ነው። ሐኪሙ ጫፎቹን ፈልጎ ለማግኘት ቆዳውን በዚግዛግ ከፍቶ ማስፋት አለበት። በቀጥታ መስመር ቢከፍተው ጠባሳው ሲኮማተር ጣቱን አጥፎ ያስቀረዋል። ስፌትዎ ቢላው ከቆረጠው ለምን እንደረዘመ ገርሞዎት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የተሰፋ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚይዘው ክሩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ የጅማቱ ጫፎች ለስለስ ስለሚሉ ከተሰፋበት ቀን ይልቅ ይደክማል። ወደ 6ኛው ሳምንት ቀላል ሥራ፣ ወደ 12ኛው ጉልበት ያለው ሥራ ይችላል። መጣበቁ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አይጠብቅም፤ በእነዚሁ የመጀመሪያ ሳምንታት ይጀምራል። ስለዚህ በጉልበት መጨበጥ ይበጥሰዋል፣ ፈጽሞ አለማንቀሳቀስ ያጣብቀዋል።

ስፕሊንቱ የተሠራው ለዚህ ነው። ጣቶቹን ከሥራቸው አጠፍ አድርጎ፣ በላይ በኩል ጣራ ሆኖ ይይዛል። ጣትዎ እስከ ጣራው ድረስ ሊቃና ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ጅማቱን ወጥሮ እንዳይጎትት ጣራው ያግደዋል። ወደ መዳፍ የሚታጠፍበት መንገድ ግን ክፍት ነው።

በቀን ውስጥ በየሰዓቱ የሚሠራው ይህ ነው። ስፕሊንቱን ሳያወልቁ የጣቶቹን ማሰሪያ ብቻ ይፍቱ። በመጀመሪያ በግራ እጅዎ የተጎዱትን ጣቶች አንድ በአንድ ይዘው ቀስ ብለው ወደ መዳፍዎ ያጥፉ። የቀኝ እጅዎ አይሥራ፤ ልቅ ይሁን። እያንዳንዱን 10 ጊዜ። ቀጥሎ በራሳቸው ኃይል ጣራውን እስኪነኩ ያቃኗቸው፣ ይህም 10 ጊዜ። ሦስተኛው ጣቶቹን በራሳቸው ጉልበት ማጠፍ ነው፤ እዚህ ላይ ሐኪምዎን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርብዎታል፦ «ጅማቱን የሚያቋርጠው ክር ስንት ነው?» አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በራስ ማጠፍ ይፈቀዳል። ሁለት ብቻ ከሆነ ግን አይፈቀድም፤ በሌላው እጅ እያገዙ መቆየት ነው። ከተፈቀደልዎ እንቁላል እንደያዘ ሰው እስከ ግማሽ ጭብጥ ብቻ ያጥፉ። አይጭበጡ።

እርስዎ ሳያንቀሳቅሱ ስለቆዩ የመካከለኛው መገጣጠሚያ ታጥፎ መቅረት ጀምሮ ይሆናል። በዚህ ጉዳት ላይ በብዛት የምናየው ችግር ይኼ ነው፤ በኋላ ለማቃናትም በጣም ያስቸግራል። በግራ እጅዎ የጣቱን ሥር ወደ መዳፍ አጥፈው እንደያዙ መካከለኛውን መገጣጠሚያ ቀስ ብለው ያቃኑ። ሥሩ ከታጠፈ ጅማቱ ስለሚላላ አደጋ የለውም። ሥሩ ቀና እያለ ጣቱን ማቃናት ግን ስፌቱን ይጎትታል። በዚህ ሳምንት ፊዚዮቴራፒስት ያግኙ፤ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ። ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ የቆየ ጣት አሁንም ይመለሳል፤ ሦስት ወር ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በሕክምና ቤት የማይነገር፣ እኛ አገር ግን ስፌት የሚበጥስ አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም ምግብ ነው። ቀኝ እጁ የተጎዳ ሰው በግራ መብላት ነውር ሆኖበት «ለጉርሻ ያህል» ብሎ ስፕሊንቱን ያወልቃል። እንጀራ መቁረስና መጠቅለል የሚፈልገው ቆንጠጥ አድርጎ መሳብ ደግሞ የተሰፋው ጅማት የሚሠራው ሥራ ነው። 6 ሳምንት እስኪሞላ በግራዎ ማንኪያ ይያዙ፤ ወይም ቤተሰብ ያጉርስዎት። ሱሪ ወደ ላይ መጎተት፣ የታክሲ በር መያዝ፣ የሚወድቅ ዕቃ ለመቅለብ መዘርጋት፣ ሌሊት ስፕሊንት አውልቆ መተኛት፣ እነዚህም ያስፈራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፕሊንቱ በወለቀ ሰሞን ነው፤ «ዳንኩ» ብሎ ጀሪካን ያነሳል።

ቀኑን እንዲህ ይቁጠሩት። እስከ 6ኛው ሳምንት መጨረሻ ስፕሊንቱ ሌት ተቀን አይወልቅም። ከዚያ ቁልፍ መቆለፍ፣ መጻፍ፣ ፊት መታጠብ ይጀምራሉ። በ8ኛው ሳምንት ለስላሳ ስፖንጅ መጭመቅና ብርጭቆ ማጠብ ይቻላል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ወደ 10ኛው ይጠጋል። ሥጋ መሸከም፣ መጥረቢያና ቢላ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ለሥጋ ቤት ሥራ ከዚያም ጥቂት ሳምንት ቢጨምሩ ይሻላል፤ እጅ ሲደክም ቢላ ይንሸራተታል።

በመካከሉ ጣቱ «ጧ» ብሎ ከዚያ መታጠፍ እምቢ ካለ፣ ወይም ትናንት ይታጠፍ የነበረው ጫፍ ዛሬ ልቅ ብሎ ቀጥ ካለ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ስለማያም ነው። በዚያው ቀን ይሂዱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተደረሰበት ዳግም ይሰፋል። ከሳምንታት በኋላ ከሆነ ግን ጡንቻው ጅማቱን ወደ ክንድ ስቦ ስለሚያሳጥረው ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መተካት ይመጣል፤ አንዳንዴም ሁለት ኦፕራሲዮን ይጠይቃል።

ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። ሌሊት ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ያቃጥለኛል። ተነሥቼ ካላራገፍኩት አይለቀኝም። «ነርቭ ተይዟል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» ተባልኩ። ነርቭ ከተነካ እጅ ሽባ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ እናታችን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ትንሿ ጣትዎም ትደነዝዛለች? አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ደንዝዘው ትንሿ ጣት ደህና ከሆነች የተባለው ነገር ትክክል ይመስላል። የምትደነዝዘው ትንሿ ጣት ከሆነች ግን የተጫነው ሌላ ነርቭ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ክርን ላይ ነው።

ነርቩ ከ9 ጅማቶች ጋር ሆኖ በእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ጅማቶቹን የሸፈነው ሽፋን ሲያብጥ ቦታ የሚያጣው ነርቩ ነው። ስንተኛ አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ ሌሊት ይብሳል። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና የመገጣጠሚያ ሪህ ያባብሱታል። የስኳርና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ሳያደርጉ ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ አይውጡ።

ድንዛዜው የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ አስቀድመው አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሌሊት ሌሊት ለ6 ሳምንት ያድርጉ። አንጓው ላይ የሚሰጠው የኮርቲዞን መርፌም ለወራት ያስታግሳል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ግን ለጥቂት ቀናት ስኳርዎን ከፍ ያደርገዋል። ድንዛዜው ቀን ከሌት አልለቅ ካለ፣ ስኒ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ፣ ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላው እጅ ጋር ሲያስተያዩት ከሟሸሸ አይቆዩ። የሟሸሸ ጡንቻ ሁልጊዜ ተመልሶ አይሞላም።

ኦፕራሲዮኑ ነርቩን አይነካም። የሚቆረጠው የመተላለፊያውን ጣራ የሠራው ጠንካራ ማሰሪያ ነው። መዳፍ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተከፍቶ ማሰሪያው ይቀደዳል፣ ቆዳው ይሰፋል፤ ሥራው ራሱ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው። ማደንዘዣው እዚያው እጅ ላይ ስለሚወጋ አይተኙም። ከማደንዘዣው ጋር አድሬናሊን ከተጨመረበት ደም ስለሚቀንስ ክንድ ላይ ማነቂያ ማሰር አያስፈልግም። እጅ ነጣ ብሎ ቢያዩት አይደንግጡ፤ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ጣት ላይ አድሬናሊን አይወጋም የሚለው ያረጀ ትምህርት ነው።

ጣቶችዎን ከዚያው ቀን ጀምሮ ጨብጠው ይዘርጉ። ክር ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ እስከዚያ ውሃ አያስነኩት። የሌሊቱ ማቃጠል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይለቃል፤ ለዓመታት የቆየ ድንዛዜ ግን ወራት ይፈጃል፣ ሙሉ በሙሉ ላይሄድም ይችላል። ከጠባሳው ግራና ቀኝ መዳፍዎን ተደግፈው ሲነሡ የሚያምዎት እስከ 3 ወር ስለሚቆይ ኦፕራሲዮኑ አልሠራም ብለው አይዘኑ። ሊጥ ማቡካትና አክንባሎ ማንሣት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ቡሃቃና የዱቄት ከረጢት ከዚያም በኋላ ነው። ሁለቱም እጅዎ ታሞ ከሆነ በአንድ ቀን አያሠሩ፤ ቢያንስ አንዱ እጅ ለመጸዳጃ ቤት ያስፈልግዎታል።

እንሶስላ፣ ቀለበት፣ ቡና

ጥያቄ፦ የፊታችን ሳምንት የእጅ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አለኝ። ለሰርግ የተቀባሁት እንሶስላ ችግር አለው? ጠዋት ቡና መጠጣትስ? (ከደሴ)

መልስ፦ እንሶስላው ቆዳ ላይ ከሆነ ግድ የለም፤ ጥፍር ላይ ከሆነ ይናገሩ። የደም ዝውውር የሚታየው ጥፍርን ተጭኖ ሲለቁት በሚመለሰው ሮዝ ቀለም ነው። የሌላው እጅ ጥፍር ካልተቀባ፣ ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ እዚያ ይደረጋል። የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ። ቀለበት ሁሉ ይውለቅ፣ የጋብቻ ቀለበትም ቢሆን፤ እጅ ሲያብጥ ጣት ያንቃል። እምቢ ካለ ሳሙና ቀብተው፣ እጅዎን ለ10 ደቂቃ ከፍ አድርገው ይሞክሩ። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ምግብና ወተት ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ያበቃል፤ ንጹሕ ውሃና ጥቁር ቡና 2 ሰዓት እስኪቀረው ይቻላል። ማኪያቶ እንደ ወተት ይቆጠራል። ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት የጣት ደም ሥሮችን ያጠባሉ፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ለ4 ሳምንት ያህል ቢታቀቡ ቁስሉ በደንብ ይጠግጋል።

ጣት ቢቆረጥ

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ አምስት ልጆች ይሠራሉ። የመሰንጠቂያው ማሽን ያስፈራኛል። እግዜር አያምጣውና ጣት ቢቆረጥ ምን እናድርግ? በረዶ ውስጥ ይከተታል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በረዶ ውስጥ አይከተትም፤ በረዶ በቀጥታ የነካው ሥጋ ይሞታል። አልኮል፣ አረቄና ሳቭሎን ውስጥም አይገባም።

በመጀመሪያ ሰውዬውን ያስቀምጡት፣ ወይም ያስተኙት። ደሙ የሚቆመው ንጹሕ ጎዝ ወይም የታጠበ ጨርቅ ደርቦ ቁስሉን ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ በመጫን፣ እጁንም ከልቡ ከፍ በማድረግ ነው። በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ያስለቅቃል። ሽቦና ገመድ ክንድ ላይ አይሰር። ቡና፣ ስኳር፣ የሲጋራ አመድ፣ ናፍጣ አይነስነስ፤ የእነዚህን ፍርፋሪ ከቁስል ውስጥ ለመልቀም ብቻ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ቀለበት ካለ ወዲያው ያውልቁለት።

ጣቱን ፈልጋችሁ ንጹሕ በሆነ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፤ አትፈትጉት። ከፋርማሲ በሚገኝ ሳላይን ያረጠባችሁትን ጎዝ ጠቅልሉበት፤ መርጠብ እንጂ ውሃ ውስጥ መንሳፈፍ አይገባውም። በንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ አፉን ቋጥሩ። ያንን ፌስታል ውሃና በረዶ ወዳለበት ሌላ ፌስታል ወይም ጀሪካን ክተቱ። በረዶ ከሌለ ቀዝቃዛ ለስላሳ መጠጦች መካከልም ይሆናል። የተቆረጠበትን ሰዓት ጽፋችሁ ከታካሚው ጋር ላኩ። ጣት ጡንቻ ስለሌለው እንዲህ ቀዝቅዞ ከተያዘ እስከ 24 ሰዓት፣ ሳይቀዘቅዝ 12 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ከአንጓ በላይ የተቆረጠ ከሆነ ግን ጡንቻ ስላለው ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

መልሶ የመቀጠል ሥራ አዲስ አይደለም። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ በማይክሮስኮፕ ተሰፍቶ ዳነ። ነገር ግን የሚሠራው በማይክሮስኮፕ ደም ሥር የሚሰፋ ባለሙያ ባለበት ብቻ ስለሆነ፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ደውላችሁ ጠይቁ። አውራ ጣት፣ በአንድ ጊዜ የተቆረጡ ብዙ ጣቶችና የሕፃን ጣት ሁልጊዜ ለመቀጠል ይሞከራሉ። ለአንድ ጠቋሚ ወይም ትንሽ ጣት ግን በብዛት ጫፉን ዘግቶ ማዳን ይመረጣል። ይህ ስንፍና አይደለም። የተዘጋው በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ የተቀጠለው ግን ወራት ፈጅቶ ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ ከሥራው ሊያደናቅፍ ይችላል። ባይቀጠልም የተቆረጠውን ቁራጭ አትጣሉት፤ ቆዳው ቁስሉን ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ካለፈው ይወጋ።

ሽቦ ይዤ አገሬ ልገባ ነው

ጥያቄ፦ በቤት ሠራተኝነት ነው ያለሁት። ከደረጃ ወድቄ መዳፌ ውስጥ ያሉ ሁለት አጥንቶች ተሰበሩ። በሽቦ ታስረው የሽቦው ጫፍ ከቆዳዬ ውጭ ወጥቶ ይታያል። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኮንትራቴ አልቆ አዲስ አበባ እገባለሁ። አውሮፕላን ያስከለክላል? ሽቦውን ማን ያወጣልኛል? እጄ ያብጣል፣ ያቃጥለኛልም። (ከሪያድ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሽቦው አያስከለክልዎትም። ሽቦ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ራጅ ታይቶ ነው። ማውጣቱ ራሱ የደቂቃ ሥራ ስለሆነ በየትኛውም የአጥንት ክፍል ባለው ሆስፒታል ይቻላል። እዚህ የሚቀበልዎት ሐኪም ያለ ወረቀት ግን በግምት ነው የሚሠራው። ከመውጣትዎ በፊት የኦፕራሲዮኑን ቀን፣ የትኛው አጥንት እንደተሰበረና የሽቦውን ብዛት የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ የተነሡትን ራጆች በሲዲ ያስገልብጡ፤ ካልሆነም ከኮምፒዩተሩ ላይ በስልክዎ ያንሡ። ደብዳቤው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን።

በአውሮፕላን እጅ ስለሚያብጥ፣ ጀሶው ሙሉ ዙር ከሆነና ከጠበበዎት ከጉዞው በፊት እንዲሰነጥቁልዎት ይጠይቁ። እጅዎን መቀመጫው መደገፊያ ላይ ሳይሆን ደረትዎ ላይ፣ ትራስ ደርበው ያሳርፉ። አንገት ላይ በሻሽ ማንጠልጠል ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጥሩ ነገር አይደለም። እጅ ከክርን ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ትከሻም ይደርቃል። ያልታሰሩትን ጣቶች በየሰዓቱ ጨብጠው ይዘርጉ፤ እብጠት የሚያስወጣው ይህ ነው። ሽቦው የወጣበትን ቀዳዳ ሐኪምዎ እንዳዘዘው በቀን አንዴ ያጽዱ። ቅርፊቱን አይላጡ። በረኪናና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ አያስነኩት። ዙሪያው ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሽቦው ሲነኩት የሚነቃነቅ ከሆነ አገርዎ እስኪደርሱ አይጠብቁ።

ስለ ማቃጠሉ ደግሞ እንዲህ ነው። የስብራት ሕመም በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የእርስዎ እየጨመረ ከሄደ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ የሚሆን፣ ከሌላው እጅ ይልቅ የሚያልብና ጨርቅ ሲነካው እንኳ የሚያንገበግብ ከሆነ ስሙ ተጠርቶ ሊታከም የሚገባው ሌላ ችግር ነው። ሐኪሞች «ሲ.አር.ፒ.ኤስ.» (CRPS) የሚሉት፣ ነርቮች ከጉዳቱ በላይ የሚጮኹበት ሕመም ነው። በቶሎ በፊዚዮቴራፒና በመድኃኒት ከተጀመረ ይበርዳል፤ ችላ ከተባለ እጅን ያደርቃል። ለሐኪሙ «ያመኛል» ብቻ አይበሉ፤ እነዚህን ምልክቶች ቆጥረው ይንገሩት።

አያታቸው ወጌሻ ጋ ይወስዷቸዋል

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሲወድቁ አያታቸው እኔን ሳያማክሩ ወደ ወጌሻ ነው የሚሄዱት። «ስንቱን ያዳነ ነው» ይላሉ። እጅ ያስቆርጣል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እውነት ነው። አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። ልጅ በተዘረጋ እጁ ወድቆ ከክርኑ በላይ ሲሰበር ክንዱ ለሁለት ሦስት ቀን እያበጠ ይሄዳል። ቀርከሃና ጨርቅ ተደርጎ ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ስለሌለው ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የጡንቻውም ደም ይቋረጣል። ጡንቻ ያለ ደም ወደ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ በኋላ ወይ እጅ ይጠቁራል፣ ወይም ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮማትረው ዕድሜ ልክ ይቀራሉ። በሆስፒታል ጀሶም ይህ ሊደርስ ይችላል፤ ልዩነቱ ሆስፒታሉ «ይህን ካየህ ተመለስ» ብሎ መላኩ ነው።

ለአያትየው የሚነግሯቸው ምልክት አንድ ይሁን፣ እንዳይረሱት፦ የልጁን ጣቶች ቀስ ብለው ሲያቃኑለት ከጮኸ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታ፣ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጣት እስኪጠቁር መጠበቅ አያስፈልግም፤ የደም ምቱ እየተሰማም እንኳ ጡንቻው እየሞተ ሊሆን ይችላል።

የማይሰማኝ ጣት

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የመስኮት መስታወት አንጓዬ ላይ ቆርጦኝ ነርቭ ተሰፋልኝ። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ጣቶቼ አሁንም አይሰሙኝም። ኦፕራሲዮኑ ከሽፎ ይሆን? (ከጅማ)

መልስ፦ ገና ነው። ነርቭ ሲሰፋ የሚገጣጠመው ሽፋኑ ነው፤ በውስጡ ያለው ክር ከስፌቱ ተነሥቶ እንደገና እስከ ጣት ጫፍ ማደግ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ከዚያ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአንጓህ እስከ ጣትህ ጫፍ በማስመሪያ ለካ፤ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 180 ቀን፣ ከመነሻው መዘግየት ጋር ወደ 7 ወር ነው።

የደረሰበትን ራስህ መከታተል ትችላለህ። ከጣትህ ጫፍ ጀምረህ ወደ አንጓህ እየመጣህ በሌላኛው እጅህ ጣት ቀስ ብለህ ቆዳውን ጠቅ ጠቅ አድርግ። አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ እንደነካህ የሚነዝር ስሜት ወደ ጣትህ ይሮጣል፤ ነርቩ የደረሰው እዚያ ነው። በወር አንዴ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግና ፎቶ አንሣ። ምልክቱ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ከሄደ መንገዱ ደህና ነው።

እስከዚያ ድረስ ትልቁ አደጋ ቃጠሎ ነው። የማይሰማ ጣት የጀበናን እጀታ፣ የከሰል ምድጃን፣ የትኩስ ሻይ ብርጭቆን አይለይም፤ ሰው የሚነቃው ቆዳው ሲሸት ነው። የውሃ ሙቀት በሌላው እጅህ ለካ። ማታ ማታ ጣቶችህን በዓይንህ ፈትሽ፤ የተላጠ ወይም የተቋጠረ ካለ ከማምረቀዙ በፊት ታየው። ቆዳው ላብ ስለማያወጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን ቀባው።

ስሜት መመለስ ሲጀምር የተዘበራረቀ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ መሃል ጣትህን ስትነካ ሌባ ጣትህ የተነካ ይመስልሃል። አንጎልህን መልሰህ ታስተምረዋለህ። ሦስት ሳህን አዘጋጅና ጤፍ፣ ምስርና ባቄላ አድርግ። ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ከተህ የትኛው እንደሆነ ገምት፤ ከዚያ ዓይንህን ገልጠህ እያየህ ድገመው። በቀን 3 ጊዜ፣ 10 ደቂቃ። ባቄላው በመጀመሪያ ይለያል፤ ጤፉ ብዙ ወር ይፈጃል። ብርድ ላይ ጣቶችህ ቢያምሙህና ቢጠቁሩ አትፍራ፤ ጓንት አድርግ። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ የሚለቅ ነገር ነው።

የሚነዝረው ቦታ ለሦስት ወር ካለበት ፈቀቅ ካላለ ግን ወደ ሰፋህ ሐኪም ተመለስ፤ ፎቶዎቹንም አሳየው። ለስሜት ከሆነ ነርቩ ዘግይቶ ቢደርስም ይሠራል። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ነርቭ ካልደረሰው ቢደርሰውም አይነሣም።